የረገፈው ሰሊጥና የአበጀ ማሳ

ትእዛዙ የመጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ኮረብታ ይዘን፣ ከሥሩ ያለው የመንግሥት እርሻ ሰሊጥ እስኪሰበሰብ እንድንጠብቅ ነበር። እኔ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ፤ ሥላሴ አጠገብ ካለ መሥሪያ ቤት፣ ከጽሕፈት መኪና ላይ ተነስቼ ነው የዘመትኩት። እናንተ ልጆች ፒያሳ ማኪያቶ ይዛችሁ ስለ ጦርነት ስትከራከሩ እሰማለሁና፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሰሊጡ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ነበር። ቢሮ ሳለሁ ሰፊ እርሻ ብዙ ያመርታል የሚል ጽሑፍ ስንቴ ታይፕ አድርጌአለሁ። በሰላም ጊዜ እውነት ይሆናል። እዚያ ግን የቀን ሠራተኛው ተኩስ ፈርቶ ሸሽቷል፤ የትራክተሩ ነዳጅም ለጦሩ መኪና ተወስዷል። ከዳር ያሉትን የገበሬ ቁራጭ ማሳዎች ሽማግሌና ሴት በደቦ ወጥተው ባራት ቀን አጨዱ። ስንደርስ ያንዱን ገበሬ ማሳ አይቼ «ይቺማ ላንድ ቁርስም አትበቃ» ብዬ ቀልጄ ነበር። ጎኔ የነበረው አበጀ አልሳቀም።

አበጀ የወሎ ገበሬ ነው። ያለው ሁለት ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ነው፤ ጎረቤቱ ይመርም እንደዚያው። በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ጠምደው፣ በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት። አሁን ሁለቱም ተመልምለው እኛ ጋ ናቸው። ባገራቸው ሴት እርፍ ይዛ አታርስም፤ የሽምብራ መዝሪያው ደግሞ እያለፈ ነው። ካልተዘራ ልጆቻቸው መራባቸው ነው።

ማመልከቻ መጻፍ አያቅተኝምና ለሻምበላችን ጻፍኩላቸው። ላንድ ሰው ብቻ አሥራ አምስት ቀን ፈቀደ። አበጀ አላመነታም።

«ይመር ይሂድ» አለ። «እጁ ፈጣን ነው፤ ለሁለታችንም ያደርሳል።»

ይመር በሄደ በስምንተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተመታን። መድፉ ቀደመ። ከዚያ የጠላት ወታደሮች በሰሊጡ ውስጥ እየተሳቡ መጡ። ምሽጋችንን አለቀቅንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። የኛን ሬሳ ስንቆጥር ሰባት ሆነ፤ ስድስተኛው አበጀ ነበር። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሰሊጡም አጫጅ አጥቶ ፍሬው መሬት ላይ ረገፈ። ሰባት ሰው የሞተው ለሱ ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይመር በቀጠሮው ቀን ተመለሰ። ከመኪና እንደወረደ አበጀን በዓይኑ ፈለገ። መሞቱን ከፊታችን ላይ አነበበው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ያበጀ ማሳ በቅሏል» አለኝ ኋላ። «እሱን ልነግረው ነበር የቸኮልኩት።»