ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! እግሬ ቶሎ አይነሳም፣ ምላሴም እንደ እግሬ ነው፤ ታገሱኝ። ጌታ ለእኔና ለልጄ ለሌንሴ ያደረገውን ሳልናገር ብቀር ግን ድንጋይ ይናገርብኛል ብዬ ቆሜያለሁ።

እዚሁ መቱ አንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነኝ። ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍ አያልፍም። ባለቤቴና ልጄ ጌታን ካገኙ ቆይተዋል፤ እኔ ግን እሑድ እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አድርሻቸው እመለስ ነበር። ኃጢአቴ መጠጥ አልነበረም፣ ጫትም አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመዳት አንዲት ቃል ነበረች፤ «እኔ አይደለሁም» የምትል። ላሚቱ የሰው በቆሎ በላች? ያሰማራኋት እኔ አይደለሁም። በሩ ሳይቆለፍ አደረ? እኔ አይደለሁም።

ሌንሴ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ሙያ፣ ኔትወርክ የሚሉትን፣ ተማረችና የጀማሪ ሰርተፊኬት አገኘች። ከዚያ ማመልከቻ ይዛ መቱን፣ ጎሬን፣ ኡካን ሁለት ዓመት ዞረች። የሁሉም ጥያቄ «የሥራ ልምድ አለሽ?» ነው። ሥራ ሳይሰጧት ልምድ ከየት ታምጣ? እኔም «ምነው ጸሎትሽ ዘገየ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

በዚህ መሃል እኔ በምጠብቀው መሥሪያ ቤት ኔትወርኩ እየጠፋ አስቸገረ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ጥፍት ይላል፤ ባለሙያ ሲመጣ ደህና ሆኖ ይገኛል። ሥራ አስኪያጁ ሌንሴን አስጠራና፣ «ሰርተፊኬትሽን አይቻለሁ። በሳምንት ውስጥ ችግሩን ካገኘሽው ቦታው ያንቺ ነው» አላት። ሃሌሉያ! እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ደብተር ይዛ የሚጠፋበትን ሰዓት ትጽፍ ጀመር። በአራተኛው ቀንም ዝናብ መጣ፤ የአገራችንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም፣ እንደ ልማዴ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቼ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ትንሽ ሳጥን ከሶኬቱ ነቀልኳት። ቤታችንም እንዲሁ ነው፤ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን መብረቅ ካቃጠለው ወዲህ ደመና ሲጠቁር ሳይነቀል የሚቀር ነገር የለም።

ዝናቡ ሲያባራ መልሼ ሰካኋት። ዞር ስል ሌንሴ በሩ ላይ ቆማለች። ሳጥኗን አየች፣ እጄን አየች። ወዲያው ከቢሮ አንዱ «ኔትወርክ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ለካ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ሳጥን ኖሯል!

«ልጄ፣ እኔ አይደ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አባኮ፣ ይተዉት» አለችኝ።

ቤት ስንገባ ከመጋረጃው ወዲያ ስትጸልይ ሰማኋት። «ጌታ ሆይ፣ ከተናገርኩ አባቴ ከሥራው ይባረራል። ዝም ካልኩ ደግሞ ዋሽቻለሁ። አባቴን የማያዋርድ እውነት ስጠኝ።»

ወገኖቼ፣ እኔ ያሾፍኩበት ጸሎት ለእኔው ነበር! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከክሁ። «ጌታ፣ ያቺን ቃል ከአፌ አውጣልኝ» አልኩ። ሌላ የማውቀው ጸሎት አልነበረኝም።

በማግስቱ እሷን ቀድሜ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑን ነው ጋሼ?»

«ሶኬቱን የነቀልኩት። መብረቅ እንዳያቃጥላት ፈርቼ ነው።»

አፍጥጦ አየኝ። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ሁለት ጊዜ ከጅማ ባለሙያ ያስመጣነው በእርስዎ ነው?» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ፊቱን አኮሳተረና «ልጅዎ ታውቃለች?» ብሎ አስጠራት።

ሌንሴ ደብተሯን ዘርግታ ሰጠችው። በጠፋበት ሰዓት ሁሉ አጠገብ «ዝናብ» የሚል አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሳጥኗ ቁልፍ ባለው ካቢኔት ውስጥ ከነመብረቅ መከላከያዋ ግድግዳ ላይ ከፍ ብላ ተስላለች። ከሥዕሉ ሥር የጻፈችውን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዘበኛው የነቀሉት ዕቃውን ለማዳን ብለው ነው። የሳጥኗን ሥራ የነገራቸው ሰው አልነበረም።»

ደብተሩን አጠፈ። «እውነትሽን ነው፤ ማናችንም አልነገርናቸውም። ሰኞ ሥራ ጀምሪ። ጋሼ፣ እርስዎም ቦታዎ ላይ ነዎት፤ ከሳጥኗ ግን ራቅ ይበሉ!»

ክብር ለጌታ ይሁን! የዚያን እሑድ ከበሩ አልተመለስኩም፤ ገባሁ።

ትናንት ነጎድጓዱ ሲጀምር እጄን በላኝ። ሌንሴ በቢሮዋ መስኮት ብቅ ብላ፣ «አባኮ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ!» አለችኝ። እየሳቅሁ ከተትኩት። ደግሞም አመሰገንኩ።

እናንተ በር ላይ የቆማችሁ፣ እኔም እዚያው ቆሜ ስለነበር አውቃችኋለሁ። «እኔ ነኝ» ብላችሁ ግቡ፤ እኔን በእርጅናዬ ያልመለሰኝ ጌታ እናንተንም አይመልሳችሁም።