ሳጅኑን ሕግ ያስተማረው ልጅ

የያዙኝ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ወረድ ብሎ ካለው ጋራዥ ነው። ባትላሜራ ነኝ፤ የታክሲ በር እየቀጠቀጥኩ ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ የተናገርኩት ነገር አልተወደደም። መዶሻውን እንኳ ቦታው ሳልመልስ ወሰዱኝ።

የጣቢያው ክፍል ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከብረት በሩ በላይ ባለች ሽንቁር ነው። ግቢው ላይ ግን ፀሐይ አለ። ጠዋት ለሽንት ሲያወጡን ረገጥ እናደርገውና ተመልሰን እንገባለን። ጉልበቴ ከሲሚንቶው ብርድ የተነሳ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛው ልጅ የሕግ ተማሪ ነው፤ አምስተኛ ዓመት፣ የመጨረሻው። እናቱ ቄራ ጨጓራ አጥባ እየሸጠች ነው ያስተማረችው። የመመረቂያ ፈተናው እኛ ታስረን ሳለን ተጀመረ። ስለሱ አያወራም። ግድግዳውን ያያል፣ በቃ።

አንድ እሁድ ከሰዓት ተረኛው ሳጅን መጽሐፍ ይዞ በሩን ከፈተ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አንተ ልጅ፣ ሕግ ነው አይደል የምትማረው? እኔም የማታ እማራለሁ። ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ማክሰኞ የወንጀል ሥነ ሥርዓት እፈተናለሁ። ከወደቅኩ ያባርሩኛል።»

«ሰባት ዓመት!» አለ ከለገሃር ተይዞ የመጣው ጫማ ነጋዴ። «ሳጅን፣ በዚህ ሁሉ ዓመት እኮ ዶክተር ይሆኑ ነበር።»

«ቀልድ አይደለም። የሚስቴን ወርቅ በልቶታል። ልጄን የማየው ተኝቶ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አስረዳኝና ሁላችሁንም እስኪመሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጣችኋለሁ።»

ነጋዴው ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። እኔም ግድግዳ ይዤ ተነሳሁ።

ልጁ ንቅንቅ አላለም። «አስረዳዎታለሁ። ፀሐዩን ግን የትምህርቱ ዋጋ አያድርጉት። መብታችን ነው።»

«ተው እንጂ!» አለ ነጋዴው እኔን እያሳየ። «ለራስህ ካልሆነ ለእኚህ ሽማግሌ እዘን!»

የሳጅኑ ፊት ተለወጠ። «እንግዲያው እዚያው ሁኑ» ብሎ በርጩማ አምጥቶ ደጃፉ ላይ መውጫውን ዘግቶ ተቀመጠ። ልጁ ቆሞ ያስረዳው ጀመር። ልጁን በልቤ ስሰድበው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጠየቀው። «ተጠርጣሪ በስንት ጊዜ ውስጥ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው?»

«በአርባ ስምንት ሰዓት» አለ ሳጅኑ ፈጠን ብሎ።

«እኛ ሁለት ሳምንት አለፈን» አልኩት።

መጽሐፉን ገለጠ፤ ከደነ። «አባባ፣ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

ከነጋዴው በቀር የሳቀ የለም።

«ይመጣል» አለ ልጁ። «እስቲ እንደገና ይበሉት።»

ሳጅኑ እንደገና አለው። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ሲጨርሱ ሳጅኑ ተነሳ፤ በርጩማውን አነሳ፤ በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ተያየንና አንድ በአንድ ወጣን። ልጁ ከሁላችን በኋላ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቀና አደረገ። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር።

በዚያው ሳምንት ፍርድ ቤት ወሰዱን። የሳጅኑ ሥራ ይሁን አይሁን አላውቅም። ዳኛው ለፖሊስ ለምርመራ ሌላ አሥራ አራት ቀን ፈቀዱለት።

ሳጅኑ ፈተናውን አልፏል። ዛሬ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚለውን ታፔላ ፊደል እየቆጠርኩ አንብቤዋለሁ። ልጁ ሲፈታ እናቱ ታማ አገኛት። እሷን ሲያስታምም ትምህርቱ ቀረ። አሁን ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ይጽፋል።

የቤቴ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጎረቤቶቼ ጠበቃው ጋ ሂድ አሉኝ። እኔ ልጁ ጋ ሄድኩ። ጽፎ ሲጨርስ፣ ከመፈረሜ በፊት፣ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ።

«ትምህርቱን አትጨርሰውም?» አልኩት።

«የድሮው ውጤትህ አርጅቷል፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምር ይሉኛል። ሌላ አምስት ዓመት ከየት ላምጣ አባባ?»

ይህን ብሎ ወንበሩን ከጃንጥላው ሥር አወጣልኝ። ጉልበቴን አልረሳም።

«ፀሐዩ ላይ ይቀመጡ» አለኝ። «አያስከፍልም።»

ተቀመጥኩ። የሚያስቸኩል ጉዳይ ነበረኝ፤ ቶሎ አልተነሳሁም።