«ፎቶ ከሆነ አሳየን!»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስቀል እንዳለፈ፣ ደምበጫ ገበያ ውስጥ ነው። እስካሁን ሰው ግር ብሎ ሲሰበሰብ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እንጀራዬም ሰርግ ማንሳት ነው። ለሥራ ዲጂታል ካሜራ እይዛለሁ። ለራሴ ደስታ ግን ሰፊ ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ አለኝ። ቁርጥ ሳጥን ነው። ዓይን ላይ አይደቀንም፤ ደረት ላይ ተይዞ፣ አንገት ደፍተው ከላይ ባለው መስታወት ነው የሚያዩበት። ፊልሙ የሚታጠበው ደግሞ አዲስ አበባ ተልኮ ነው።

የዚያን ቀን ፈረሶች የታሰሩበት ጋ ቆሜ ሳነጣጥር አንድ ጎልማሳ ፊት ለፊቴ መጥቶ የካሜራውን ማንገቻ ጨበጠ።

«ምንድን ነው ደረትህ ላይ የደገንከው?»

«ፎቶ ማንሻ ነው።»

«ፎቶ ከሆነ አሳየን!»

ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ያልታጠበ ፊልም ምኑ ይታያል? «አሁን አይታይም» ከማለቴ ሰዉ ከበበኝ። ጊዜው ደግሞ እንግዳ ሰው የሚጠረጠርበት ጊዜ ነው። ከኋላዬ «ሰላይ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ክዳኑን ሊከፍት ታገለ። ከተከፈተ ብርሃን ገብቶ ያነሳሁት ሁሉ ይበላሻል፤ ንጹሕ መሆኔን የማሳይበትም አይኖረኝም። ካሜራውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ይህ ደግሞ ይብሱን አስጠረጠረኝ።

«እስቲ ዞር በሉ!»

ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። «እኔ ልየው፣ ልጄ።»

«ይተዉ እማማ የሻረግ፣ ዓይንዎን ያጠፋዋል» አላቸው ማንገቻውን የያዘው ሰው።

«ቢያጠፋውስ? እስካሁን ያየሁት ይበቃኛል!»

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ያዝኩላቸው። አጎንብሰው አዩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ገበያው እንዳለ እዚህ ውስጥ ነው! አንተ ዘለቀ፣ አንተም አለህ። እስቲ ቀኝ እጅህን አንሳ።»

ሰውየው ማንገቻውን ለቆ እጁን አነሳ።

«ኧረ በግራው ነው የሚያነሳው!» ብለው በሳቅ ፈነዱ።

መስታወቱ ግራና ቀኙን ያዞራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ልይ ልይ አለ። እማማ የሻረግ ሽንኩርታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና «በል አንሳኝ» አሉኝ። አነሳኋቸው።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ፎቷቸውን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። «ተመስገን፣ ለለቅሶዬ የሚሆን ፎቶ አልነበረኝም» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ከዚያው ፊልም ላይ ያላሰብኩት ፎቶም ወጣ። ዘለቀ ወደ እኔ ሲመጣ ደንግጬ የካሜራውን ቁልፍ ሳላውቀው ተጭኜው ኖሯል። በሐሳቤ የቀረው የተቆጣ ፊት ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ዓይኑ የፈጠጠ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ የፈራ ሰው ነው።

ለማንም አላሳየሁትም። ዘለቀ ላይ የያዝኩት ቂምም ከውስጤ ወጥቷል። ያን ቀን የፈራሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።