የጃውካላ ዘጠና ቀን

መዝገቤ ላይ «የማሕፀን መውረድ» ብዬ ጻፍኩ። የበሽታው ትክክለኛ ስም ግን ቱልኪ ነው፤ የጃውካላ አማት። እኔ የዚህ ተራራ መንደር የጤና በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ የማየውን ሁሉ መጻፍ ቢፈቀድልኝ ስሟን ነበር የምጽፈው። ጃውካላ ሦስተኛ ልጇን በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በጀርባ የሚታዘለውን ቅርጫት ጠፍር ግንባሯ ላይ አድርጋ ፍግ ወደ ማሳ እንድታወጣ ያስገደደቻት እሷ ናት። ዳገቱ መሀል ማሕፀኗ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስታስል ሽንቷ ያመልጣታል፣ ስትስቅም ያመልጣታል፤ በኋላማ መሳቁን ተወችው። ባሏ ናሬ «በረት በረት ትሸታለች» ብሎ መኝታ ለየ፤ ሌላ ሚስት እንደሚያመጣም በየአረቄ ቤቱ ያወራ ጀመር።

ስድስት ዓመት ማሕፀኗን ከውስጥ በጎማ ቀለበት ደግፌ አቆየኋት። ቀለበቱም መያዝ ሲያቅተው ወደ ሆስፒታል ይዣት ወረድኩ፤ ቱልኪም ተከተለችን። ሐኪሟ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረቻት፤ ማሕፀኑን ወደ ላይ ስቦ ማሰር፣ ወይም አውጥቶ የላላውን መስፋት። ጃውካላ አፏን ሳትከፍት ቱልኪ ቀደመቻት።

«ይውጣ። በየወሩ አምስት ቀን ጎጆ ውስጥ እየተጋደመች ማን ይሠራል?»

በእኛ ዘንድ ደም ያየች ሴት ከቤት ወጥታ በጭቃ ጎጆ ታድራለች። ምግብና ውሃ አትነካም፤ የምትታለብ ጎሽ ከነካች ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። ጃውካላም «ይውጣ» አለች፤ እሷ የፈለገችው መዳን ብቻ ነበር። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናውን ሠርታ ስትሸኛት ሦስት ወር ምንም ሸክም እንዳታነሳ አስጠነቀቀቻት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከባድ ነገር ከተሸከመች ስፌቱ ይላላል።

በተመለሰች በስምንተኛው ቀን ቱልኪ ቅርጫቱን እግሯ ሥር ወረወረችው። የሐኪሟን ቃል ብደግምላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እኔ ደሜ ሲፈላ ጃውካላ ግን ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ቁስሉ እየደማ ነው፣ እማ። ካሸከሙኝ ጎሿን ተደግፌ ነው የምነሳው።»

ቱልኪ ክው አለች። ማሕፀን የሌላት ሴት አትደማም ብላ ደምድማ ነበር፤ ቁስል እንደሚደማ አላሰበችም። የቤቱ ወተት ደግሞ ከዚያች ከአንዲት ጎሽ ነው። ወደ እኔ ዞራ እውነት መሆኑን ጠየቀችኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ ይደማል» አልኳት። ከስድስት ሳምንት እንደማያልፍ አሳምሬ አውቃለሁ።

ጃውካላ ዘጠናውን ቀን በዚያ የተረገመ ጎጆ ውስጥ ተኛች። ስንቷን ሴት በብርድና በጭስ የገደለ ጎጆ ነው፤ ከአንጀቴ እጠላዋለሁ። ነገር ግን በዚህ መንደር ሴት የምታርፍበት ሌላ ቦታ የለም። እሾህን በእሾህ ብዬ ጭድና ብርድ ልብስ አመላለስኩላት። ፍጉን ቱልኪ ራሷ ስትሸከም ከረመች፣ ሁለታችንንም እየረገመች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በዘጠና አንደኛው ቀን ጃውካላ ገላዋን ታጥባ ወጣች። ቱልኪ ቅርጫቱን እስከ አፉ ሞልታ ትጠብቃት ነበር፤ ናሬ ግድግዳ ተደግፎ ያጨሳል። ጃውካላ ቅርጫቱን ተራምዳው አለፈች።

«ልጅዎ ግንባር አልተፈጠረለትም?»

«ሌላ ሚስት ያመጣብሻል» አለች ቱልኪ።

«ያምጣ። የሷም ማሕፀን እስኪወርድ ይጫናት። እኔ ግን ያንን ጠፍር ባየሁ ቁጥር እደማለሁ።»

«ከየት አምጥተሽ? ማሕፀን የለሽ።»

«ይሞክሩኛ» አለችና እጇን ወደ ጎሿ ዘረጋች።

ቱልኪ የጃውካላን እጅ አየች፣ ጎሿን አየች፣ ከዚያ ልጇን ጠራችው። ናሬ ሲጋራውን ጥሎ መጣ። ጠፍሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳውና ፍጉ ላይ ተቀመጠ። ጃውካላ እጇን ሰበሰበች።

«ቀስ ብለህ ልመደው» አለችው። «አንተ እኮ አልወለድክም።»