ከመልሱ የቀደመ ምስጋና

ናኦሚ ላጲሶ እኔ በማሠለጥነው የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን የሴቶች ድምፅ፣ አልቶን፣ የምትዘምር ናት። ይህን ያስቀደምኩት ሰው ሁሉ ስለ ማርኳ ብቻ ሲያወራ ሰምቼ ስለሰለቸኝ ነው። ማርኳንማ አውቃለሁ፤ ከገርጂ እስከ ሳሊተ ምሕረት ያለ ወላጅ ልጁን የሚቆጣበት ማርክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ዜማ ስትስት እንደ ሌሎቹ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አትደበቅም። እጇን ታነሣና፣ "ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሳትኩት፤ እንደገና ብንጀምረው?" ትላለች። በዚህ ጠባይዋ የተነሣ ልምምዳችን ሁልጊዜ ያመሻል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተነጫንጬባታለሁ።

አባቷ ላጲሶ የሆሳዕና ሰው ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ይጠግናል። ቃል ይቆጥባል። ጉባኤው በሙሉ አሜን ሲል የእሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁን የሰማ የለም። የእሱንም ድርሻ የምትናገርለት ሚስቱ ስመኝ ናት። ኢምፔሪያል አካባቢ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች፤ ካልሲ ልግዛ ብሎ ከሱቋ ገብቶ ካልሲ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያናችን ገርጂ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እሑድ እሑድ ከስብከቱ በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ። ሥራ ያገኘ፣ ከሕመሙ የተነሣ፣ ልጅ የወለደ ወጥቶ ይናገራል፤ እኛም እልል እንላለን። አንዳንዱ ደግሞ ገና ያልሆነውን እንደሆነ ቆጥሮ አስቀድሞ ያመሰግናል። "በእምነት ተቀብያለሁ" ይላል። በእምነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥፋቱ የእኛ የሰሚዎቹ ነው፤ "በእምነት" የምትለዋን ቃል አዳራሹ በር ላይ ጥለናት እንወጣለን።

እትዬ ማሚቱ እንዲህ አስቀድመው ካመሰገኑት አንዷ ናቸው። ልጃቸው ያፌት እንደ ብዙ የሆሳዕና ልጆች በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣ ጊዜ፣ "ልጄ በሰላም ገብቷል፤ በእምነት ተቀብያለሁ" ብለው ነበር። እኛም እልል አልን። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ነው። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ይወጣሉ፤ ስብከት ሲጀመር ይመለሳሉ። መዘምራን ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አዙረን ስለምንቆም ሁልጊዜ እናያቸዋለን። ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም።

ናኦሚ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆና አሜሪካ ወዳሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተች፤ ከእነሱም አንዱ ስሙን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሙሉ ወጪውን ችለው የሚወስዱት የውጭ ተማሪ እፍኝ አይሞላም፤ አመልካቹ ግን ከዓለም ዳርቻ የሚጎርፍ ነው። ይህን ከማናችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ድርሰቱን ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች፣ ታኅሣሥ ላይ ላከች። "መልሱ መጋቢት ላይ ነው ጋሼ። እስከዚያ አርፌ ለማትሪክ አጠናለሁ" አለችኝ።

እናቷ ግን ማረፍ አልሆነላትም። ጥር ላይ አንድ እሑድ ማይኩን ያዘችና፣ "ልጄን አሜሪካ ያለው ያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ተቀብሏታል፤ በእምነት ተቀብያለሁ" አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መዘምራኑ መካከል ከናኦሚ ጎን የቆመችው ልጅ እቅፍ አደረገቻት፤ የናኦሚ እጆች ግን እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

በሳምንቱ ወሬው "ናኦሚ ገብታለች" ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ናኦሚ የመሄጃዋ ቀን መቆረጡን የሰማችው ከታክሲ ረዳት ነው። አንዱ ወፍራም ጃኬት አመጣ፤ አንዷ የሱፍ ሹራብ። የእናቶች ኅብረት ደግሞ አዋጥቶ ጎማ ያለው ትልቅ ሐምራዊ ሻንጣ ገዛላት። ስመኝ ሻንጣውን ሳሎን ውስጥ፣ ናኦሚ ከምታጠናበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አቆመችው።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን እህል ዘጋት። ሁለት ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች። ልምምድ ላይ በዝማሬው መካከል ስልኳን ታያለች፤ እኔም እቆጣታለሁ። የሌላ አገር አመልካቾች በኢንተርኔት የሚያወሩትን ስታነብ ትውላለች። "ጋሼ፣ አንድ የናይጄሪያ ልጅ አለ፤ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ሜዳሊያ አለው። ባለፈው ዓመት ሪጀክት አደረጉት። እኔ ታዲያ ማን ነኝ?" ትለኛለች። ካመለከተችባቸው ሁለቱ ቀደም ብለው እንደማይቀበሏት ጽፈውላት ኖሯል። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ትልቁን ነበርና።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ስጠቀልል ወደ ኋላ ቀርታ ቆመች።

"ጋሽ ሊባን፣ ሰው ያላገኘውን ነገር አግኝቻለሁ ቢል ውሸት ነው?"

"እናትሽ አልዋሸችም። በእምነት ነው ያለችው።"

"እሷን አይደለም፤ እኔን ነው። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አመሰግናለሁ እላለሁ።"

"እሱም እምነት ነው፤ አትጨነቂ።"

"እሺ። ሻንጣውስ?"

የጠቀለልኩትን ገመድ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት።

ጭንቀቷን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ኧረ ገና ነው" ብትል እናቷን በአደባባይ ማሳጣት ነው፤ እምነት የጎደላትም ትባላለች። ዝም ብትል ደግሞ ምስጋናው በየቀኑ ይከመርባታል። መልሱ እንቢ ከሆነ የሚቀርባት አሜሪካ ብቻ አልነበረም፤ እሷና እናቷ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀና ብለው መቀመጥም አብሮ ይቀርባቸው ነበር። ያ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ገና ቦታ አለው። ናኦሚ ከመድረኩ ላይ ሆና በየሳምንቱ ታየዋለች።

መጋቢት ደረሰ። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ መልስ በእኛ ሰዓት ሌሊት ይወጣል ተባለ። ናኦሚ ስልኳን አጥፍታ ለአባቷ ሰጠችውና ተኛች። ላጲሶ ማለዳ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት፣ ስልኩን ይዞላት መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከፈተችው። ደብዳቤው ገና በመጀመሪያው መስመር ማዘኑን ይናገር ነበር።

"በቃ?" አላት።

"በቃ፣ አባዬ።"

ከውጭ የሰርቪሱ ክላክስ ተሰማ። ላጲሶ አልተነሣም። ክላክሱ ደግሞ ተሰማና መኪናው ሄደ። ሥራ አርፍዶ ገብቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ሰርቪስ አመለጠው። "ነይ፣ ቁርስ እንብላ" አላት።

ስመኝ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት እንባዋን ጠራረገችና ዘዴ ፍለጋ ገባች፤ ነጋዴ አይደለች። "ለማንም እንዳትናገሪ። የጠየቀሽን ፕሮሰስ ላይ ነው በዪው። ለሚቀጥለው ዓመት ጌታ ሌላ በር ይከፍታል። ዝም አይነቅዝም" አለቻት።

"ማሚ፣ እትዬ ማሚቱም ፕሮሰስ ላይ ናቸው?"

ስመኝ ወደ ሱቋ ሄደች። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ ስመኝ ራሷ ናት። ያን ቀን ሐሳቧ ከእሷ ጋር ስላልነበረ ለአራስ ልብስ ለመጣች ደንበኛ የሁለት ዓመት ልጅ ቱታ ሸጣ ልካታለች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እኔም እወደዋለሁ፤ ግን የነቀዘ ዝምታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በየእሑዱ ነጠላውን ሰብስቦ ሲወጣ።

እሑድ ጠዋት ናኦሚ ቀድማ መጣች። እኔ ያኔ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምስክርነት አለኝ" አለችኝ።

መቼም ችኩል ነኝ። ወዲያው ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ጠርቼ የምስጋና ዝማሬ አስመረጥኩ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩትን ሶፕራኖዎች በጥድፊያ አለማመድኩ። "ኧረ ጋሼ፣ ዝማሬ አያዘጋጁ" ብትለኝ ትሕትና መሰለኝ። እንዲያውም ከበሮ ይጨመር አልኩ። ቀና ስል ናኦሚ በመጨረሻው አግዳሚ ፊት ቁጢጥ ብላ ለእትዬ ማሚቱ የሆነ ነገር ስትነግራቸው አየሁ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እትዬ ማሚቱ አልወጡም። ምን እንዳለቻቸው በኋላ ጠየቅኋት። "ዛሬ የእኔ መልካም ዜና አይደለም፤ አይውጡ፣ እፈራለሁ አልኳቸው" አለችኝ።

ፓስተር ሀሩን ፈገግ ብሎ ማይኩን ሰጣት። ሰው ገና ሳትናገር እልል አለላት። እስኪበርድ ጠበቀች።

"እናቴ ስለ እኔ በእምነት ያመሰገነችውን ታስታውሳላችሁ" አለች። "እናቴ አልዋሸችም። ስለምትወደኝ የተመኘችልኝን ነው የተናገረችው። መልሱ ዓርብ መጥቷል። አልተቀበሉኝም። ሌሎቹም አልተቀበሉኝም።"

ከበሮ የያዘው ልጅ ከበሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

"እንኳን ደስ አለሽ ስትሉኝ አመሰግናለሁ እል ነበር። ገና ነው ማለት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው። ከጥር ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ትናንት ማታ ግን እራቴን ጨርሼ በላሁ። ምስክርነቴ ይሄ ነው። ሻንጣና ጃኬት ያመጣችሁልን፣ ቤት አለ፤ መጥታችሁ ውሰዱ። አሁን ማትሪክ አለብኝ፤ ጸልዩልኝ። ግን እባካችሁ ቀድማችሁ አታመስግኑልኝ።"

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። እኛ ለተሳካለት ሰው የምንለውን እናውቃለን፤ ላልተሳካለት ሰው በማይክ የሚባል ነገር ተምረን አናውቅም። ስመኝ በፊተኛው ረድፍ አንገቷን ደፍታለች። ያን ጊዜ ከወደ ኋላ አንድ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ፣ "አሜን" አለ። ማን እንደሆነ ለማየት ሰው ሁሉ ዞረ። ላጲሶ ነበር፤ ቆሟል።

በዚያች ልጅ የኮራሁትን ያህል በራሴ ልጆች ኮርቼ እንደሆነ እንጃ። በዚህ ከተማ ስንት የተማረ፣ ስንት ሽማግሌ "አልሆነልኝም" የምትለዋን ቃል ለማውጣት ሲያቅተው እያየሁ ነው የኖርኩት። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም፤ ልክ ልምምድ ላይ "እኔ ነኝ የሳትኩት" እንደምትለው ነበር የተናገረችው።

ማይኩን ልትመልስ ስትል እትዬ ማሚቱ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሡ። ወደ መድረኩ መምጣት ጀመሩ፤ መሐል ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ናኦሚ ከመድረኩ ወርዳ ወዳሉበት ሄደች። ማይኩን ራሷ ይዛላቸው ቆመች።

"ያፌት አልደወለም" አሉ። "ገብቷል ብዬ ነበር። መግባቱን አላውቅም። ሦስት ዓመት ሆነው። ደወለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ይህንኑ ብቻ ተናግረው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አሜን ያለ የለም፤ እልል ያለም የለም። ስመኝ ከፊተኛው ረድፍ ተነሣች። አዳራሹን በሙሉ አቋርጣ ሄደችና በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ከእትዬ ማሚቱ ጎን ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

"መንገድ ላይ ሳለ መጨረሻ የደወለልዎት ከየት ሆኖ ነበር?" አለቻቸው።

እትዬ ማሚቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና ይነግሯት ጀመር።