የሁለት ሰው ትሪ

«አፍህን ክፈት።»

«አልበላም አልኩ። ስንት ጊዜ ልናገር?»

«ቁስለኛ ሆኖ ቅቤ አልበላም ያለ ሰው ያየሁት ዛሬ ነው። ታዲያ ቁስልህ በምን ይገጥማል? በግጥም?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልችልም ነበር። ስስቅ ከቀኝ ጎድኔ በታች ያለው ስፌት ይሳባል። ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ፊቴን አዞርኩ። የታሳሪዎቹ አለቃ፣ ካቦ የምንለው ሰው፣ ጉርሻውን እንደያዘ ፊቴ ተንበርክኳል። ዶሮ ወጥ ነው። ቅቤው በጣቶቹ መሀል እየተንጠባጠበ ጉልበቴ ላይ ወረደ።

«ጉርሻ አይመለስም» አለ፤ አሁን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

«የትኛው ሐኪም? ያ አማርኛ የማይችለው?»

ቦታው ናዝሬት ነው፤ ቀበሌዎቹን የሚያስተዳድረው የከፍተኛው እስር ቤት። ከአብዮቱ በፊት የእህል መጋዘን ስለነበር ግድግዳው ሥር ገና የቦሎቄ ፍሬ ይለቀም ነበር። እኩለ ቀን ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ይንጣጣል። የታሰርኩት በግጥም ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ብጫቂ ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ብቻዬን ተምሬ የጻፍኩት ግጥም በካርቦን ተባዝቶ ገበያ ውስጥ ተገኘ። መርማሪዎቹ ስለ ግጥሙ ግድ አልነበራቸውም። ያባዛውን ሰው ነበር የፈለጉት።

ስሙን ሳልነግራቸው ታመምኩ። ሕመሙ ምሳ ከበላሁ በኋላ ይነሳና ወደ ትከሻዬ ይወጣል፤ መሬቱን እቧጥጣለሁ። ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሲሆን ካቦው በሩን ደበደበ። ብዙ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ታሞ በሩ ሳይከፈትለት ቀርቷል። ለእኔ ተከፈተ። ስም የያዘ ሰው ስሙን ሳይናገር እንዲሞት አይፈለግም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የቀደደኝ የውጭ አገር ሰው ነው። በአስተርጓሚ በኩል፣ የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ሞልቶት እንደነበርና እንዳለ አውጥቶ እንደጣለው ነገረኝ። ጠጠሮቹን በብልቃጥ አሳየኝ፤ የወንጂን መንገድ ጠጠር ይመስላሉ። ጠመንጃውን አልጋዬ ላይ ያስደገፈው አጃቢዬ አየት አደረጋቸውና «እነዚህንም ለምርመራ እንውሰዳቸው እንዴ?» አለ። ሐኪሙ የተሳቀው ለምን እንደሆነ አልገባውም። ለጊዜው ቅባት የሚባል ነገር እንዳልቀምስ አስጠነቀቀኝ፤ ቁስሉ ሳይደርቅም በላንድሮቨር ወለል ላይ አስተኝተው መለሱኝ። የናዝሬትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ያወቅኳቸው ያን ቀን ነው።

የተመለስኩት ደግሞ በበዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በጾም ወራት ቢሆን ጾመኞች ትሪ ላይ ተቀምጬ ደረቅ እንጀራዬን በሽሮ በበላሁ፣ ማንም ምንም ባላለኝ። አሁን ግን ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ ሁሉ በቅቤ የሰከረ ነው። ያም ሆኖ ስንቅ የየግል አልነበረም። የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ይገለበጣል፣ ሰው የላከለትም ያልላከለትም እኩል ይበላል። ኮሙን እንለዋለን። የክፍሉ ትልቁ ሕግ እሱ ነበር፤ እኔ ራሴ ከመታመሜ በፊት ስለ ኮሙን ግጥም ጽፌ በቃሌ አንብቤላቸዋለሁ።

በተመለስኩ ዕለት ከኮሙኑ በላሁ። ትንሽ ቆይቶ ሆዴ ተገለበጠ። ወደ ውጭ የምንወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ በመሀሉ ያለው በሩ ሥር የተቀመጠው ቆርቆሮ ነው። ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው፣ ስፌቱን ይዞ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቆርቆሮ ላይ ሲቀመጥ አስቡት። ደግሜ ደጋግሜ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ጨዋ ስለነበሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የሁሉም ጀርባ ወደ እኔ ሲዞር የተሰማኝን ንዴት ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ይህን ለካቦው በጉርሻ ፊት እንዴት እነግረዋለሁ?

«ለብቻዬ ደረቅ እንጀራ ይበቃኛል» አልኩ።

ያኔ መምህሩ ከጥግ ተናገረ። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ግጥሞቼን መጀመሪያ ያነበበልኝ፣ «ቀጥል» ያለኝ እሱ ነበር። ከሆስፒታል ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሰላምታ ነሥቶኛል።

«ለብቻው» አለ፣ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ። «ሰማችሁ? ስንቱ እዚህ ቁስሉ ሲሸት በሩ አልተከፈተለትም። እሱን በመኪና ወሰዱት፣ አሳከሙት፣ መለሱት። አሁን ደግሞ ምግብ ለብቻ ይላል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሐሞትህን እዚያው አራግፈህ መጥተሃል ማለቴ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከእኔ በፊት ከኮሙን የወጣ አንድ ሰው ነበር፤ ጠባቂዎቹ ለብቻው ሻይ ያመጡለት ነበር። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የተወራው ሁሉ መርማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ጀመር። ለብቻ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዐይናቸውን አየሁ፤ ጉርሻውን ብቀበል ሆዴ፣ ብመልሰው ስሜ ሊቀደድ ነው። ግጥሙን ያባዛውን ሰው ስም አፌ ውስጥ እንደያዝኩ የከረምኩ ሰው ነኝ። ልጮህ ፈለግሁ፤ መጮህም ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ትንፋሽ ደግሞ ስፌቱን ይስባል።

«እኔስ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ሾፌሩ ናቸው። የወሎ ሰው፣ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ ያረጁ፤ ቤታቸው ሁሩታ ነው። የታሰሩት መኪናቸው ላይ የማያውቁት ወረቀት ተገኝቶ ነው። እስላም ስለሆኑ የክርስቲያን ሥጋ የነካ ትሪ አይቀርቡም፤ አብረዋቸው ይበሉ የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች ከተፈቱ ወዲህ ጥግ ላይ ብቻቸውን ይበላሉ።

«እርስዎ ምን?» አለ ካቦው።

«እኔስ ብቻዬን አይደለም የምበላው? ስለ እኔ ለምን አትነጋገሩም?»

«የእርስዎ የሃይማኖት ነው ጋሼ። ሌላ ነው።»

«ሕጉ ብቻውን የሚበላ የለም አይደል የሚለው? እንግዲህ ሕጉን ሳፈርስ የከረምኩት እኔ ነኝ። ልጁ ወደ እኔ ትሪ ይምጣ። ሁለት እንሆናለን፤ ሁለት ከሆንን ኮሙን ነው። ሕጋችሁም ተስተካከለ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ «ሊያሰልሙት ነው!» አለ።

«የኔን ሥጋ አይበላም፣ እሱስ ቅባት አትብላ ተብሏል» አሉ ሾፌሩ። «ድንች ሃይማኖት አለው እንዴ?»

ካቦው ወደ መምህሩ አየ፤ መምህሩ ትከሻውን ሰበቀ። ካቦው ጉርሻውን ራሱ ጎረሰውና እጁን እየላሰ ተነሣ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ፣ እንደ ሽማግሌ ጎብጬ፣ ወደ ጥጉ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ያምኑኛል?» አልኳቸው ስቀመጥ።

«ሐኪምህን አላምነውም» አሉ። «ቅቤ የማያድነው ቁስል የለም። ግን ሆዱ ያንተ ነው። ብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሩታ የሚመጣው ስንቅ ተለወጠ። የተቀቀለ ድንች፣ ቅቤ ያልነካው ቂጣ፣ ዘይት የሌለው ምስር። ያለ ቅቤ ጠግበው የማያውቁት ሾፌር ያንኑ ከእኔ ጋር ይበሉ ጀመር። እንዴት እንደተለወጠ አልጠየቅኳቸውም፤ ከእሳቸው ጋር መቀመጥ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ሲያኝኩ ድምፅ ያሰማሉ። ከውጭ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር እጃቸውን አንሥተው ዝም ያሰኙኛል፤ «ይሄ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ባዶውን ነው። ፍሬኑ አይበረክትም።» ከበላን በኋላ በተኙ ሰዎች መሀል ያራምዱኛል። «ቀጥ በል! ምን ያጎብጥሃል? ሽማግሌው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ቀጥ ስል ስፌቱ የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር። ስፌቱን ለማስወጣት ሆስፒታል የሚወስደኝ ጠፍቶ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከጎረቤት ክፍል የታሰረ ድሬሰር በምላጭ እየቆረጠ አወጣልኝ። እሱም ከወጣ በኋላ ጉብጠቱ አልለቀቀኝም። በገላዬ ተናድጄ፣ በድንቹ ተናድጄ፣ በደግነታቸው ሳይቀር ተናድጄ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ስንቅ የሚያስገባው ጠባቂ፣ የሁሩታ ልጅ፣ በሩን ከፍቶ ሳህኑን አስቀመጠ። ሾፌሩ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረ ጠየቁት። «ፈያ» አለና ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ሽማግሌ! ሚስትህ ‹ሐሞትህ ዳነልህ ወይ? ቅቤ መቼ ልጀምርልህ?› ትላለች። ምን ልበላት?»

ሁሉም ወደ ጥጋችን ዞረ። ሾፌሩ ጣሪያውን ተመለከቱ።

«ገና ነው በላት። ሐኪሙ አልፈቀደም።»

ሳቁ ሲፈነዳ የታጠፈ ብርድ ልብስ ሆዴ ላይ አፈንኩ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ሕመሙ ልቤን አጠፋው፤ ግን ሳቅሁ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። በማግስቱ ወጥ ሳይገለበጥበት ከኮሙኑ አንድ እንጀራ አጥፎ ወደ ጥጋችን መጣና ትሪያችን ላይ አስቀመጠው።

«ምንም አልነካውም» አለና ተመልሶ ሄደ።

ሾፌሩ የሄዱበትን ቀን ከመናገሬ በፊት የዛሬውን ልናገር። ናዝሬት አዳማ ሆናለች። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ያንኑ ሐሞት እዚሁ ከተማ አስወጣች፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች አውጥተውላት ወዲያው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ጎረቤት ቅቤ የሚዋኝበት ገንፎ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ጠባቂ ፈተሽኩ። ቤተሰቡ «አበደ» ይላል። ይበል።

ያኔ እንደተፈታሁ ሁሩታ ሄጄ ነበር። የሾፌሩን ሚስት አገኘኋቸው። ባላቸው ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ወዴት እንደተወሰዱም የነገራቸው የለም። እኔን የሚያናድደኝ እስከ ዛሬ ይህ ነው፤ የሚጠየቅ ሰው እንኳ የለም። ሴትዮዋ ጎኔን አዩና «ሐሞቱ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«እሱ ቅቤ የሌለው ነገር አፉ ገብቶ አያውቅም። የላከልኝን መልእክት ስሰማ ለሌላ ሰው እንደሆነ ገባኝ። ‹ከእንግዲህ አታምጪ› ካሉኝም ወዲያ ያ የአገራችን ልጅ ዝም ብሎ ያስገባልኝ ነበር። ላንተ ነው ያመጣሁት።»

ሾፌሩ ከተወሰዱ በኋላም ያለ ቅቤ የተሠራው ስንቅ ለምን መምጣቱን እንዳላቆመ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ሾፌሩ የሄዱት በቀትር ነው። ትሪያችን ላይ ነበርን፤ ድንች ለሁለት እየከፈሉ ነበር። በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

ወዴት እንደሆነ አይነገርም ነበር፤ አይጠየቅምም። ሾፌሩ ድንቹን ከፍለው ትልቁን ወደ እኔ ገፉት። እጃቸውን በኩባያ ውሃ ታጠቡ። ዕቃቸው አንድ ጋቢ፣ የጎማ ጫማና መቁጠሪያ ነበር።

«አንተ አትነሣ» አሉኝ። «ቁስልህ ነው።»

በአገራችን ታላቅ ሰው ሲሄድ ተቀምጦ አይሸኝም። ግድግዳውን ሳልይዝ ተነሣሁ። ሆዴንም አልደገፍኩም፤ ሁለቱን እጆቼን ጎኔ ላይ ጥዬ፣ ጠባሳው እንደ ገመድ እየተወጠረ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ።

«ይኸው! ቁመት ነበረህ እንዴ?»

«ፍጠን!» አለ ጠባቂው።

ሾፌሩ ወደ ካቦው ዞሩ። «ያ ትሪ የሁለት ሰው ነው። ሕጉን እንዳታፈርሱት።»

መምህሩ ከትልቁ ማዕድ ተነሣ። በሰዎች መሀል አልፎ መጣና እሳቸው በተነሡበት ቦታ ተቀመጠ። ከድንቹ ትንሹን አንሥቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አጎረሰኝ፤ ቆሜ ጎረስኩ።

ሾፌሩ አዩን፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ፤ በሩም ተዘጋ።