«መምህሯ ናት ያለችው»

እማማ ዘነበች ደህና ናቸው፣ ለምትጠይቁኝ ሁሉ። ጉልበታቸውን ሰርጀሪ ከሆኑ ወዲህ በዎከር ተደግፈው ከመኝታ ቤት ሳሎን ይደርሳሉ፣ እህልም መቅመስ ጀምረዋል። ልጃቸው ታምራት ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ምራታቸው ሜሮን አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። የልጅ ልጃቸው ኤልዳና አንደኛ ክፍል ገብታለች። እኔ እዚሁ ሜስኪት ከተማ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ... ሲያስሉ እንኳን ይሰማኛል።

ሶ ባለፈው ሳምንት ሾርባ ይዤ ብገባ ቤቱ ጭር ብሏል። እማማ ሶፋው ላይ፣ ኤልዳና ምንጣፉ ላይ ታብሌቷን ይዛ... አይተያዩም! እነዚህ ሁለቱ እኮ ጨዋታ ሲጀምሩ እኔን በግድግዳው ያስቁኝ ነበር። እማማ «እንቆቅልሽ!» ሲሉ እሷ «ምን አውቅልሽ!» ትላለች። መልሱ ሲጠፋት «በይ አገር ስጪኝ» ይሏታል። የምታውቀው አገር የት አለና... እዚሁ አጠገባችን ያለችውን ከተማ፣ «ሮውሌትን ሰጠሁሽ!»

«ምነው እማማ፣ ተኳረፋችሁ እንዴ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይ አስቴርዬ... በአማርኛ እንዳላወራት ተከልክያለሁ» አሉኝ። «ንባብ ወደ ኋላ የቀረችው በኔ ወሬ ነው አለኝ ታምራት። መምህሯ ናት ያለችው። መምህር ካለች ምን እላለሁ? የልጅቷን ዕድል ላበላሽ?»

እንግሊዝኛ የላቸውም እኮ! ታዲያ ቀኑን ሙሉ ተለጉመው ሊውሉ ነው? ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የተናደድኩት በመምህሯ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ታምራት መኪናው ተበላሽቶበት «እትዬ አስቴር፣ ኤልዱ ትምህርት ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ ራይድ ትሰጪኛለሽ?» አለኝ። ማለቴ... እግዜር ነው ያመጣልኝ! ፓርክ አድርጌ ተከትዬው ገባሁ። «እዚሁ ጠብቂኝ» ሲለኝ እንዳልሰማ ሆንኩ።

መምህሯ ወጣት ናት፣ ጎኗ ደግሞ ለአስተማሪነት ገና የምትማር ልጅ ተቀምጣ ትጽፋለች። መምህሯ ጭንቅ ብሏታል። «ኤልዳና ክፍል ውስጥ ማውራት አቁማለች» አለች። «እንግሊዝኛው ባይሞላላትም ታሪክ ትነግረን ነበር። ቤት የተለወጠ ነገር አለ? አያቷ ተረት እየነገሯት ነው?»

ታምራት ምን ቢል ጥሩ ነው? አንገቱን እየነቀነቀ «የስ፣ የስ!»

ቱግ አልኩ። ባለችኝ እንግሊዝኛ «አማርኛ አቁሙ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

ሴትየዋ ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ? በፍጹም! ባለፈው የነገርኩት ተቃራኒውን ነው!»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ጆሮው መሠራት አለበት አለች። ቃል ሲቆራረጥ፣ ቤት ሲመታ፣ ታሪክ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ... ይሄን በየትኛውም ቋንቋ ከለመደ ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይሻገራል። «ኤል... ዳ... ና» እያለች ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችልን። «ፊደሉን እኛ እናስተምራታለን። ወሬውን ግን ከቤት ይዛልን ትምጣ።»

የሮውሌትን ነገር ስነግራቸው ሁለቱም ሳቁ፣ ለአስተማሪነት የምትማረዋማ ጻፈችው። እኔ ግን ሳቅ ከየት ይምጣልኝ!

መኪና ውስጥ በሩን ሳይዘጋ ያዝኩት።

«መምህሯ ናት ያለችው አላልክም?»

«አልገባኝም ነበር እትዬ... ቶሎ ቶሎ ታወራለች። መምህር ፊት አልገባኝም ይባላል? ወደ ኋላ ቀርታለች ያለችውን ብቻ ነው የያዝኩት።»

«ታዲያ ክልከላውን ከየት አመጣኸው?»

«ሥራ ቦታ አንድ ልጅ... ሁለት ቋንቋ ሕፃን ያደናግራል አለኝ።»

«እና የመምህሯን ስም ምን አስጠራህ?»

«እኔ ብላት እምቢ ትለኛለቻ» አለ። «መምህር አለች ሲባል ግን እማዬ አትከራከርም።»

ሰማችሁልኝ? እናቱ ለመምህር ያላቸውን ክብር ተጠቅሞ አፋቸውን ለጎመበት! መሪ ባልይዝ ኖሮ... ተዉት።

ቤት ስንደርስ ቀድሜው ገብቼ ሁሉንም ለእማማ ዘረገፍኩት። እሳቸው አልተቆጡም። «ኤልዱ፣ ነይማ እናቴ» ብለው ልጅቷን ጠሩ። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም... መጀመሪያ አባቷን አየችው። አያቷን ለማናገር ፈቃድ ጠየቀች እኮ! እዚያ ላይ ነው አንጀቴ የቆሰለው።

እሱም መሬት መሬት እያየ «ሂጂ» አላት።

ቅዳሜ ከቸርች እህቶች ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። አንዷ «ግን እንግሊዝኛው ቢቀድም አይሻልም?» ስትል እማማ ራሳቸው «ሂጂና መምህሯን ጠይቂያት» ብለው መለሱላት። ሜሮንም ከሥራ ስትወጣ ብቅ ብላ «እኔም ደስ አላለኝም ነበር እትዬ፣ ድካሙ ነው ዝም ያሰኘኝ» አለችኝ። እሷን ምን ልበላት...

ትናንት ደግሞ ታምራት ራሱ በሬን አንኳኳ። አኩርፏል።

«እትዬ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ።»

«እናትህስ? በገዛ ቤታቸው?» አልኩት። «ይቅርታ ጠይቀሃቸዋል?»

«እማዬ እኮ አልተቀየመችኝም።»

እሳቸው እናት ናቸው፣ አይቀየሙ... እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፣ ተቀይሜያለሁ!